የዳበሳ ደጋን

ሸዋሉል ጓዳ ቁጭ ብላ ጥጥ ስትነድፍ ባሏ በር ላይ ቆሞ ሲዋሽ ሰማችው። «የለም» አለ ጎሹ፣ አስተማሪ ሳለ ተማሪ በሚገሥጽበት በዚያ በተረጋጋ ድምፁ። «ከቡለን ስንነሳ መንገድ ላይ ጠፋብን። ከየት ላምጣው?» የለም የተባለው ደጋን እሷ ጭን ላይ ነበር። ጅማቱ ገና እየተርገበገበ ነው፤ በመዳፏ ይዛ ጸጥ አደረገችው። የነደፈችው ጥጥ ፊት ለፊቷ ተቆልሏል፣ ያልተነደፈው ሰፌድ ላይ ተራውን ይጠብቃል፣ ብናኙ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ ሊያስነጥሳት ይታገላታል። አፍንጫዋን ይዛ ጆሮዋን ወደ በሩ ሰጠች።

«አባቴ ሞተ» አለ እንግዳው። «አባቴ ደጋኔ ጎሹ ጋ ነው ብሎ ነገረ። ከመተከል ሰዎች ጋር ለስብሰባ መጣሁ፤ ለሱም መጣሁ።» ድምፁን አወቀችው። ዲሳሳ ነው፣ ቡለን ሳሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ይኖር የነበረው የዳበሳ የመጀመሪያ ልጅ። ዳበሳ መሞቱን የሰማችው እንግዲህ ይኸው አሁን ነው፣ ደጋኑን ታቅፋ። ጎሹ «ቢኖር አልሰጥህም ነበር?» አለና ነፍስ ይማር ሳይል፣ ግባ ሳይል፣ ውኃ እንኳ ሳይለው «መንገዴ ነው፣ እስከ አደባባዩ አብረን እንሂድ» ብሎ ይዞት ሄደ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ መካድ ማለት ይኸው ነው። ሸዋሉል የእግራቸው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀችና አነጠሰች።

ጎሹ ደጋን ይሰበስባል። ሌላው ተሾሞ የመጣ ሠራተኛ ከዚህ አገር ማር ይልካል፣ ማንጎ ይተክላል፣ ሰንበትበት ሲል ደግሞ ቦታ ይመራል። ጎሹ ግን ቡለን ባስተማረባቸው ዓመታት ያረጀ የጉሙዝ ደጋን አለበት የተባለ ጎጆ ሁሉ ደርሶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ አንዱን በሸሚዝ፣ ሌላውን በባትሪ እየለወጠ እንጨት ሲያከማች ከረመ። ክልሉ ተቋቁሞ አሶሳ ዋና ከተማ ስትሆን ቢሮ አዛወሩትና እንጨቱም አብሮ ተዛወረ። ከተማው ያን ጊዜ ቢሮ እንጂ ቤት አልነበረውም። አምና በሠላሳ ብር የሚከራይ ክፍል ዘንድሮ ሰባ ገብቷል፤ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ ሠራተኛው ከየአገሩ ፍራሹን ተሸክሞ ይደርሳል። እነሱም ከዐዋጢፍ ቤት ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ ሶፋ ሳይገዙ፣ ቁም ሣጥን ሳይገዙ፣ የሳሎኑን ግድግዳ በደጋን ሞሉት። «እኛ የምንቀመጥበት ሳናገኝ ግድግዳችን ታጠቀ» ትላለች ሸዋሉል። እንግዳ ሲመጣ ጎሹ እያንዳንዱን ያስጎበኛል፤ እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደጠረበው፣ ምን እንደተገደለበት፣ ወጉ ምን እንደሆነ። ያን ጊዜ እሷ ወይ ጓዳ ናት ወይ ገበያ። ለእሷ ስለ ደጋኖቹ የነገራት አንድ ቃል ነው፤ «አትንኪ»።

የዳበሳን ግን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከቡለን ሊነሱ ዕቃ ሲያስሩ ሽማግሌው ደጋኑን በትከሻው አንግቶ መጣ። ጎሹ ስንት ዓመት ለምኖት እንቢ ያለው ደጋን ነው፤ ከሁሉ አጭሩ፣ ከሁሉ አሮጌው፣ መሐሉ ላይ የአርጃኖ ቆዳ የተሰፋበት። «ውሰድ፣ ዓይንህ ይጥገብ» አለው። «እኔ ስሞት ግን ይመለሳል። መቃብር ላይ፣ ራሴ ጋ ይቆማል።» ጎሹ እጁን ይዞ «አደራህን» አለ። ሸዋሉል ድስት በጆንያ እየከተተች ቆማ ሰምታለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል እሷ ባደገችበት በዳንግላ፤ ዛሬ ጠዋት በጆሮዋ የሰማችው ግን አደራውን ሲበላ ነው። እዚያ ሽማግሌ ቤት ስንት ቀን ማር በልተዋል፤ ልጁ ከመተከል ተነሥቶ በአዲስ አበባ ዞሮ ይህን ሁሉ መንገድ ሲመጣ በር ላይ አቁሞ መመለስ።

ንዴቷ ትንሽ ጋብ ሲል ግን የጭኗ ላይ ነገር ትዝ አላት። የራሷ ጥጥ መንደፊያ ደጋን ከቡለን ሲጓዙ መኪና ላይ ተሰብሮባት ነበር። አሶሳ ገበያ ጥጡ ርካሽ ነው፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሴቶቹ ከነፍሬው በቅርጫት ያወርዱታል። ለጎሹ እናት ጋቢ ቃል ከገባች ዓመት አልፏታል፣ አሮጊቷም በላኩት ሰው ሁሉ «ብርዱ ጠንቷል» ማለት አልተዉም። ፍሬውን በድንጋይና በብረት ዳመጠች፤ ለመንደፍ ግን ደጋን የለም፣ ግድግዳው ደግሞ ደጋን ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ አንድ ቀን ጎሹ ቢሮ ሲሄድ አጭሩን ደጋን ከሚስማሩ አወረደችው። የተወጠረበት ጠፍር ጥቁር፣ ድርቅ ያለ፣ ቢመቱት የማይጮኽ ነበርና በቢላ ቆረጠችው፣ በምትኩ ከዳንግላ ያመጣችውን የበግ ጅማት ወጠረችበት። እንዴት ያለ ደጋን ወጣው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ታወርደዋለች፣ ጎሹ ለምሳ ከመምጣቱ በፊት ጅማቱን ፈትታ ትሰቅለዋለች። ጥቁሩን ጠፍርም አልጣለችውም፤ የዶሮ ቤቷን በር አሰረችበት። ዕቃ ዕቃ ነው ብላ ነበር፣ የዳበሳም ሞት ሩቅ ነበር።

ተነሣች። ጅማቱን ፈትታ ሰፌዱ ላይ ጣለችው። ደጋኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፣ ከቆዳው ስፌት ውስጥ የገባውን ጥጥ በመርፌ ለቀመች። ከዚያ ጓሮ ወጥታ የዶሮ ቤቱን በር ፈታች። ጠፍሩን በሳሙና አጥባ፣ ቅቤ ነካ ነካ አድርጋ፣ የዶሮ ኩስ እንዳይሸት ሁለቴ አሸተተችው። በሩ ላይ ድንጋይ አስደገፈች። ሴት ልጅ ደጋን ይዛ በከተማው መሐል ብትታይ መሳቂያ ስለምትሆን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው፤ ሌላ አሳብ አልነበራትም። ጓሮው መውጫ ላይ አከራይዋ ዐዋጢፍ ማሽላዋን ሰሌን ላይ እያሰጣች ነበር። ብርድ ልብሱን አየችና «ያ ሸዋሉል፣ ምንድነው ይሄ? ሕፃን ሞተ?» አለች። ዕቃ ነው፣ የመተከል ሰዎች የት ነው ያረፉት ብላ ጠየቀቻት። «የስብሰባው? ትምህርት ቤት ናቸው፣ ከመስጊዱ በላይ። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሲያልቅ መኪናቸው ይሄዳል፣ ሚፍታህ ነግሮኛል» አለች ዐዋጢፍ። ሚፍታህ ሾፌር ልጇ ነው። «ወላሂ፣ እንደ ሕፃን ነው የያዝሽው» ብላ ወደ ማሽላዋ ተመለሰች።

ሸዋሉል በገበያው ዳር አለፈች። ወደ ሸርቆሌ የስደተኞች ሰፈር የሚሄዱት የእርዳታ መኪኖች ቀይ አፈሩን አንስተው በአላፊው ላይ ያፈሱታል፤ አንድ የጎሹ ቢሮ ሰው ከሻይ ቤት ሆኖ ጠራት፣ እንዳልሰማ ሰው ሄደች። መንገዱን በሙሉ ለባሏ የምትለውን ስታሰላስል ነበር። አንተ ካድክ፣ እኔ መለስኩ፤ ይህን ነው የምትለው። አፏ ውስጥ ጣፍጧት ነበር፣ መቼም ሰው በሌላው ጥፋት ላይ ሲቆም ከፍ ያለ ይመስለዋል።

ዲሳሳ ከክፍሉ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲታጠብ አገኘችው። ለስብሰባው የቀበሌው ተወካይ ሆኖ ነው የመጣው፤ የወረቀቱ መታወቂያ ገና ደረቱ ላይ ተሰክቷል። ሲያያት ብድግ አለ። «አወቅሁ» አለ ሳትጠይቀው። «የጎሹ ሚስት። አንተ ለኔ ገንፎ ሰጠህ፣ ድሮ።» ዲሳሳ አማርኛው ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ቡለን ሳሉም እንዲሁ ነበር፣ ሴት ሁሉ በአፉ «አንተ» ናት። ነፍስ ይማር አለችው። ከዚያ «ተገኘ» አለች፣ ብርድ ልብሱን እየዘረጋች። «ጎሹ ረስቶት ነው፤ ሣጥን ሥር ነበር።» ለባሏ ስትል የዋሸችው ይህ የመጀመሪያው ነው፣ በንዴቷ መሐል እንኳ አሳልፋ አልሰጠችውም።

ዲሳሳ ቶሎ አልተቀበላትም። እጁን ሸሚዙ ላይ አደረቀ፣ ብርድ ልብሱን አየ፣ እሷን አየ፣ ፊቱ በራ። «አወቅህ» አለ። «በጨርቅ ያዝክ። ጎሹ ነገረህ?» ምኑን እንደሆነ አልገባትም። እሱ ግን ደጋኑን ገልጦ ባዶ እጁን እንጨቱ ላይ አሳረፈና፣ ቀስ እያለ፣ ቃሉን እየፈለገ ነገራት። «ሌላ ሰው አላውቅም። እኛ ቤት ግን የወንድ ደጋን ሴት አይነካም። እናቴ እንጨት ተሸከመ፣ ውኃ ተሸከመ፣ የአባቴን እህል ሁሉ ተሸከመ፤ ደጋን አልነካም። ሴት ከነካው ያ ደጋን አለቀ። ራስጌ አይቆምም።» አባቱ ከተቀበረ ጀምሮ እናቱ ራሷን ቅባት አልነካችም፣ ደጃፍ መሬት ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ደጋኑ መቃብሩ ራስጌ የቆመ ዕለት ትታጠባለች፣ ትቀባለች፣ ከሴቶች ጋር ገበያ ትወጣለች። ይህን ሁሉ ነገራትና «አንተ በእጅ አልነካህም» አለ።

ጥያቄ አልነበረም፤ ምስጋና ነበር። ሸዋሉል ለመናገር በቂ ጊዜ ነበራት። ክረምቱን ሙሉ እጇ የዞረበት ቦታ፣ ቆዳው የለሰለሰበት፣ ከዓይኗ ፊት ነበር። «አልነካሁም» አለች። ዲሳሳ ከስፌቱ ውስጥ መርፌዋ የሳታትን አንዲት የጥጥ ብናኝ በጥፍሩ አወጣና በሁለት ጣቱ አሻት። ከብርድ ልብሱ ነው አለችው። ጠፍሩን ሰጠችው፤ ጎሹ እንዳይበላሽ ብሎ ፈትቶ ያስቀመጠው ነው አለች። ምላሷ ላይ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ። ዲሳሳ ጠፍሩን አንገቱ ላይ አሰረ። «ጎሹ ጥሩ ሰው ነው» አለ። «አንተም ጥሩ ሰው። እናቴ አሁን ቅባት ተቀባ።» ብርድ ልብሱን እንድትተውለት አልጠየቃትም፤ እሷ ግን ደጋኑን ከነብርድ ልብሱ ትታለት ተመለሰች።

ጎሹ ለምሳ መጥቶ ተቀመጠ። ባዶውን ሚስማር ገና ሲገባ አይቶታል፣ ግን አልጠየቀም። ሽሮውን አቀረበች። በሉ። ከዐዋጢፍ ጓሮ የማሽላ ማገላበጫው ይንኳኳል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ስለ ስብሰባው ያወራል፣ እነሱ ግን አይተያዩም። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ሰዎች እንዲህ ያለ ማዕድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። በመጨረሻ እሷ ተሸነፈች። «ሰጠሁት» አለች። «አንተ የለም ብትልም እኔ ወስጄ ሰጠሁት። አደራ አይበላም።»

ጎሹ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። «ክረምቱን ሙሉ ጥጥ ነድፈሽበት?» አለ።

ጎሹ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ክረምት ላይ ስፌቱ ውስጥ ጥጥ እንዳየ፣ ጠፍሩም እንደተነሣ እንዳወቀ፣ ያን ጊዜ ቢናገር ጠብ እንደሚሆን፣ የእናቱም ጋቢ እንዲያልቅ ስለፈለገ ሆድ ይፍጀው ብሎ እንደተወው ነገራት። «ዳበሳ በቅርቡ ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ» አለ። «ዛሬ ልጁ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ልሰጠው ነው ይዤው የመጣሁት። አንቺ አንድ ጊዜ ነድፈሽ ትተሽው ይሆናል እያልኩ ራሴን እያታለልኩ። በር ላይ ስንደርስ ድው፣ ድው ሲል ሰማሁት። በምን አፌ ይዘህ ሂድ ልበለው? ሚስቴ ጥጥ ትነድፍበታለችስ እንዴት ልበል? የለም አልኩት። ጠፋ ቢባል በሌላ ነገር ይተኩለታል፣ እንደዚያ ያለ ወግ አላቸው።»

«ሴት አይነካውም ብለህ ለምን አልነገርከኝም?»

«አትንኪ ብዬሻለሁ።»

«ቴፑንም አትንኪ ትላለህ። ሬዲዮኑንም አትንኪ ትላለህ» አለች። «ለመጣ ለሄደው ስታወራ እኔን ጠርተህ ተቀመጪ ብትለኝ ምን ነበረበት?» «ተይው» አለ ጎሹ። «አያውቅም። ያላወቀውን ነገር ወስዶ ያቆመዋል፣ እናቱም ትቀባለች። ምን ይጎድልባቸዋል?» እሷም ለጥቂት ጊዜ ይህን አሳብ ያዘችው፣ ምቹ አሳብ ነበርና። ግን ዳበሳ ደጋኑን አንግቶ ደጃፋቸው የቆመበት ቀን መጣባት፣ ድስት በጆንያ ስትከት «አይዞህ» ያላት፣ እሱም እንደ ልጁ «አንተ» እያላት። የሞተ እንጨት ራስጌው ሊቆምለት ነው፣ ያውም በእሷ እጅ፣ ምስጋና ተቀብላበት። ከመሶቡ አጠገብ ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች። ጎሹ አልከለከላትም፣ አብሬሽ ልሂድም አላለም።

የመስጊዱ ሶላት አልቆ ሰዉ ሲበተን ነው የደረሰችው። መኪናው ሽንጠ ረጅም አይሱዙ ነው፤ የመተከል ተወካዮች ከኋላው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፣ ሚፍታህ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይዞራል። ዲሳሳ በብርድ ልብሱ የተጠቀለለውን ደጋን ከሌላው ዕቃ ጋር አላስቀመጠውም፣ በጉልበቱ መሐል አቁሞ ይዞታል። ሲያያት ሳቀና ከመኪናው ጎን ጎንበስ አለላት። ሰው እንዳይሰማ በእግሯ ጣት ቆመች።

«ነክቼዋለሁ» አለችው። «በእጄ። ክረምቱን ሙሉ ጥጥ ነድፌበታለሁ። ጎሹ ያንን ሰምቶ ነው የለም ያለህ። ወጉን አላወቅሁም፤ ከነገርከኝ በኋላ ግን ዋሸሁህ።»

ዲሳሳ ቀና አለ። አጠገቡ ያለው ሰውዬ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀው። ብርድ ልብሱን ቀስ ብሎ ፈታ፣ አጣጠፈ፣ በማዕዘን በማዕዘኑ አስተካክሎ ለብቻው አቀበላት። ከዚያ ደጋኑን ራቁቱን አቀበላት። አሁን መጠቅለል አያስፈልግም ነበር።

«እናቴን ምን እላለሁ?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ነበር የሚጠይቃት።

«የለም አሉኝ በላት።» ከአፏ ሲወጣ ሰማችው፤ ጠዋት ጓዳ ተቀምጣ የተንገበገበችበት ቃል ነው።

ዲሳሳ ራሱን ነቀነቀ። «ጠዋት ብሄድ እላለሁ። ጎሹ የለም አለ፣ እኔ የለም አልኩ፣ ውሸት አይደለም። አሁን አንተ ነገርከኝ። አሁን አወቅሁ።» ሚፍታህ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ዲሳሳ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ጠፍሩን ያዘ። «ይሄስ?» አለ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። «ይሄን ጎሹ ፈታ ያልከው። ይሄን ነካህ? ካልነካህ ይሄን አቆማለሁ፤ በሌላ እንጨት አስሬ።»

ሸዋሉል ጠፍሩን አየችው። የቀባችው ቅቤ በፀሐዩ ወዝቷል።

«እሱን አልነካሁም» አለች።

መኪናው ተነሣ። ደጋኑን በባዶ እጇ ይዛ በገበያው መሐል ተመለሰች፤ የሻይ ቤቱ ሰውዬ አይቶ ሳቀባት፣ አላፈረችም። ጓሮ ስትደርስ በሩ ላይ ያስደገፈችው ድንጋይ ተንከባሎ ዶሮዎቿ የዐዋጢፍ ማሽላ ላይ ሰፍረዋል፣ ዐዋጢፍም በመጥረጊያ እየተሯሯጠች ትረግማለች። ሸዋሉል ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አስገባች። ከጓዳ የበግ ጅማቷን አምጥታ የዶሮ ቤቱን በር አሰረችበት፣ ሁለቴ ዞራ ቋጠረችው። ጎሹ የሳሎኑ በር ላይ ቆሞ ያያታል። ወሰደው ወይ ብሎ አልጠየቃትም፤ ደጋኑ ከግድግዳው ሥር ተጋድሟል። «ጠፍሩስ?» ብሎ ብቻ ጠየቃት፣ እሷም ጀርባዋን እንደሰጠችው ቋጠሮውን አጠበቀች።